ደመራው ሳይለኮስ የዋለበት መስቀል

የልጄን የንጋትን እጅ አንቄ ይዤ ዳገቱን ስወጣ የምለምነው ደመና ነበር። ሰው ሁሉ ለመስቀል ጎሕ ሰማዩ እንዲጠራለት ይጸልያል፤ እኔ ደግሞ በልቤ «ምነው አንዲት ቁራጭ ደመና! ምነው ጉሙ ከሸለቆው ተነሥቶ ጨረቃዋን በሸፈናት!» እያልኩ እንደ እብድ አጉተመትማለሁ። ሌላ ጊዜ መስከረም ሲጠባ በመንደራችን በሳር አምባ ጉሙ ሰው ከሰው አያስተያይም። ያን ዕለት ግን፣ እኔ በፈለግሁት ቀን፣ ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ ነጠላ መስሎ ቁጭ ብሏል።

ጨረቃ ከገደሉ ማዶ ካለው ተራራ በላይ ናት። አንድ ጎኗ ተበልቷል።

«እማዬ፣ ጀመረ!» አለች ንጋት።

«ዝም በይ! አፍሽን ያዢ ብዬሻለሁ!»

«እኔ እኮ አይደለሁም የጀመርኩት።»

«ዝም!» አልኩና እጇን ጎተትኩት። ችቦዬ ከብብቴ ሾልኮ ወደቀ። አነሣሁትና እንደገና መውጣት ጀመርን፤ ከፊታችንም ከኋላችንም ችቦ ያነገተ ሰው ዳገቱን ሞልቶታል፤ ግን እንደ ሌላው ዓመት የሚዘፍን የለም።

ነገሩን ከሥሩ ካልነገርኳችሁ ጭንቀቴ አይገባችሁም። ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ዘጠኝ ነው። ኢሕአዴግ ከገባ ወዲህ ሕዝቡ ድንጋይ ተሸክሞ፣ መንግሥት ቆርቆሮ ሰጥቶ፣ ከገነተ ማርያም በላይ ባለችው በኛ መንደር ትምህርት ቤት ተሠራ። መምህሩ አዳም የሚባል የኩልመስክ ልጅ ነው፤ ጢሙ በወጉ ያልበቀለ፣ ኮንጎ ጫማ ተጫምቶ ፊሊፕስ ሬዲዮ በትከሻው አንጠልጥሎ የሚዞር። አምና ክረምት ሳይገባ ፋኖስ አብርቶ «ይህች ፀሐይ ናት»፣ ቅል ይዞ «ይህች መሬት ናት»፣ ሎሚ ይዞ «ይህች ጨረቃ ናት» ብሎ ልጆቹን አስተማራቸው። መሬት በራሷ ላይ ትሽከረከራለች፤ እየተሽከረከረችም ፀሐይን ትዞራለች፤ ጨረቃ ደግሞ መሬትን ትዞራለች፤ አንዳንዴ በመሬት ጥላ ውስጥ ትገባለች። ይሁን፣ ልጅ ምን የማይማረው አለ! ንጋት ማታ ማታ ኩራዙን መሐል አስቀምጣ፣ እኔን እንደ ፍየል እያዞረች፣ ራሴ እስኪዞር ድረስ አስጠናችኝ።

ዘንድሮ ትምህርት በተከፈተ በሳምንቱ ግን መምህሩ ከሬዲዮ የሰማውን ይዞ መጣ። «በመስቀል ጎሕ ጨረቃ በመሬት ጥላ ውስጥ ገብታ ትቀላለች። ስትገባም ስትወጣም አብረን እናያለን» አላቸው። ንጋት ደግሞ የኔ ልጅ ናት፤ አፏ አያርፍም። ሰው ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ በተሰበሰበበት፣ ለአያቷ ለግራዝማች ወልደ ጊዮርጊስ «አባባ፣ ዘንድሮ ደመራውን ሲለኩሱ ጨረቃ ደም ትመስላለች» ብላ ነገረቻቸው።

ደም! እንዴት ያለ ቃል መረጠች፣ አፈር ልብላላት!

እኛ አገር ክፉ ነገር አስቀድሞ የተናገረ ሰው ተናገረ አይባልም፤ አሟረተ ነው የሚባለው። ነገሩ የደረሰ እንደሆነ ደግሞ የጠራው እሱ ነው። ጎረቤቴ አዛለች ለዚህ ማን ብሏት! ሳምንት ሳይሞላ «የወለተ ሐና ልጅ በመስቀል ላይ አሟረተች» የሚለው ወሬ ገበያ ደረሰ። እንግዲህ አስቡት፤ ጨረቃዋ ካልቀላች ልጄ ቀጣፊ፣ ከቀላች ሟርተኛ። ቀጣፊነቱ በስንት ጣዕሙ! ቀጣፊ ታገባለች፣ ትወልዳለች። ሟርተኛ የተባለች ሴት ግን የታቀፈች እናት ስታያት መንገድ ትቀይራለች፤ ይሄ ስም አንዴ ከወጣ እስከ መቃብር ይከተላል። ባሌ አረጋ ቢኖር ቢያንስ አብሮኝ ይጨነቅ ነበር፤ እሱ ግን ምልሻ ነውና ክላሹን ይዞ ለጥበቃ ኩልመስክ ወርዷል።

ከደመራው ስንደርስ ግራዝማች ቆመዋል። የባሌ አባት ናቸው። ግራዝማችነቱን ያገኙት በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ ደርግ መሬታቸውን ወሰደ፣ ማዕረጉን ግን ከሰው አፍ መውሰድ አልቻለም። ለመስቀል ብቻ ከሣጥን የምትወጣዋን ጥቁር ካባቸውን ደርበው፣ የነደደ ችቦ ይዘዋል። በኛ መንደር ደመራ የሚለኮሰው ጎሕ ሲቀድ ነው፤ ቄሰ ገበዙ ይባርካሉ፣ ግራዝማች ይለኩሳሉ፣ ሰው ሦስት ጊዜ ይዞራል። ጎሕም ሊቀድ ነው። ግን የሚባርከውም የሚለኩሰውም ወደ ምዕራብ ዞሮ ፈዟል።

ጨረቃዋ ጥላው ውስጥ ተጨርሳ ገብታለች። መጥፋትስ ብትጠፋ ጥሩ ነበር፤ ልትጠፋ ስትል የአመድ ውስጥ ፍም መስላ ቀላች። አንዲት ኮከብ አጠገቧ ቆማለች። አንዲት ሴት «እግዚኦ!» ብላ ጀመረች፤ ሌላዋ ተቀበለች፤ ወዲያው ዳገቱ ሁሉ እግዚኦታ ሆነ።

እኔስ? ስለ ልጄ የማስተባብል መስሎኝ ነበር የወጣሁት፤ ያቺን መልክ ሳያት ግን የማውቃት ጨረቃ ናት። በሚያዝያ ሰባ ሰባት፣ ከፋሲካ በኋላ፣ ቆቦ የእርዳታ መጠለያ ውስጥ ሳለን እንዲሁ ቀልታ ነበር። የበኩር ልጄ ምሥጋናው ጭኔ ላይ ነበር። ቀና ብዬ አየኋት፣ ዝቅ ብዬ እሱን አየሁት፤ ሲነጋ ምሥጋናው የለም። ግራዝማችም በዚያው ሳምንት ሚስታቸውን ቀበሩ። ከዚያ ወዲህ ሙሉ ጨረቃ ስትወጣ ደጄን ዘግቼ ነው የምተኛ። ወስዳብኛለቻ! ምን በድዬ እንደወሰደችብኝ ግን አላውቅም ነበር።

«አትፍሩ!» አለ መምህር አዳም ሬዲዮውን እንዳንጠለጠለ እየሮጠ መጥቶ። «አሁን ከጥላው ትወጣለች! ትንሽ ብቻ ታገሡ፣ ሁላችሁም በዓይናችሁ ታያላችሁ!»

ሰው ታገሠ። እግዚኦታው ረገብ አለ። ንጋት በጣቷ ጫፍ ቆማ አንገቷን አስግጋ ትጠብቃለች። ከምሥራቅ ሰማዩ እየነጣ መጣ፤ ጨረቃዋ ግን አልነጣችም። እየደበዘዘች፣ እየወረደች፣ ተራራው ጫፍ ላይ አረፈች። ከዚያ ቁልቁል ገባች።

በቃ። እንደቀላች ገባች። በምሥራቅ በኩል ፀሐይ ወጣች።

ሰው አንዱ የአንዱን ፊት ያያል። «ተራራው…» አለ መምህሩ ለራሱ። «ከጥላው የምትወጣበትን ሰዓት ይዤ፣ በዚያ ሰዓት ከተራራው ወዲያ ጠልቃ እንደምትሆን ረሳሁት።»

«ተዋጠች!» ብላ ጮኸች አዛለች። «ተውጣ ቀረች! ያቺ ልጅ ያለችው አንድም ሳይቀር! ወይ ጉዳችን!»

ንጋትን በነጠላዬ ሸፈንኳት። ግራዝማች ችቧቸውን ወደ መሬት ዘቀዘቁና በእግራቸው ረግጠው አጠፉት።

«ደመራው አይለኮስም» አሉ።

ቄሰ ገበዝ ገብረ ሚካኤል ደነገጡ። «ምነው ግራዝማች! የመስቀል በዓል በጨረቃ ይቀራል እንዴ? ይሄ ከየት የመጣ ሥርዓት ነው?»

«አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። በሰባ ሰባት ያቺን ጨረቃ ያየ ሰው ነኝ። እኔ ይህን እሳት ለኩሼ የሚከተለውን ማን ይሸከምልኛል? ማታ ደኅና ሆና ከወጣች እለኩሳለሁ።» ከዚያ ወደ ንጋት ዞሩ። የሚወዷት የልጅ ልጃቸው ናት፤ ድምፃቸው ተሰበረ፣ ግን አልተመለሱም። «ካልወጣች ይቺ ልጅ ከነገ ጀምሮ ትምህርት ቤት አትረግጥም። አሸተን ማርያም ወስጄ በጠበል አስጠምቃታለሁ። ትምህርት ቤቱም ይዘጋ፤ መምህሩም ወዳገሩ ይግባ።»

«እሰይ ግራዝማች!» አለ ሕዝቡ። «ይዘጋ!» አለ ሌላው። ያ ድንጋይ ተሸክሞ የሠራው ሰው ራሱ!

ያን ቀን እንዴት ዋልኩ? መስቀል ዓርብ ስለዋለ ጾም ነው፤ የተገዛው በሬ ለቅዳሜ ይታረዳል ተብሎ ዛፍ ሥር ታስሯል። ድፎውን ማንም አልቆረሰውም። ጎረቤት «እንኳን አደረሳችሁ» ሊል አልመጣም። አንዷ ብቻ፣ ልጇን ያቀፈች፣ በደጄ ስታልፍ አየኋት፤ ንጋትን ስታይ ሕፃኑን በጋቢዋ ሸፈነችና ፈጠን ፈጠን አለች። እንዴ! ገና ሳይመሽ ጀመሩት?

ንጋት መደብ ላይ ኩርምት ብላ ዋለች። ከሰዓት በኋላ ድምፅ አወጣች።

«እማዬ፣ ማታ ካልወጣችስ?»

እኔ ብጠራጠር ያባት ነው፤ እሷ ግን ከጠዋት ጀምሮ አንዴም ስትጠራጠር አላየኋትም ነበር።

«መምህርሽ ትወጣለች አላለም?»

«መምህር ተራራውን ረሳው» አለች። እንባዋ መጣ። «ተራራውን ከረሳ ሌላም የረሳው ነገር ቢኖርስ?»

ምን ልበላት? ጨረቃዋን ከማንም በላይ የምፈራት እኔ፣ «ትወጣለች አልኩሽ! እሷ ባትወጣ እኔ ወጥቼ አወጣታለሁ!» ብዬ ተቆጣኋት። ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅሁም። ለግራዝማች ሽሮ በሳህን አድርጌ፣ በሌላ ሳህን ከድኜ፣ ልጄን አስከትዬ ወጣሁ፤ ሌላው ቢቀር ጾማቸውን እንዳያድሩ።

ግራዝማች ከጠዋት ጀምሮ ከደመራው አጠገብ አልተነሡም፤ ወጣቶች ሰርቀው እንዳይለኩሱት ይጠብቃሉ። መምህሩም ራቅ ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። «ሂድ ብለውታል፤ ማታ ሳላይ አልሄድም ብሎ ነው» አለኝ ያገኘሁት ሰው። ፀሐይ አዘቅዝቃለች፤ የደመራው ጥላ ሜዳውን አቋርጦ ምሥራቁ ጫፍ ደርሷል።

ንጋት አያቷን ሳትስም፣ ሳትፈራም፣ ፊታቸው ቆመች።

«አባባ፣ እስቲ ይነሡልኝ።»

«ምን ልታደርጊ?»

«ፀሐይዋ ይቻትና። እርስዎ መሬት ይሁኑ።»

ግራዝማች መጀመሪያ ሊቆጡ ነበር፤ ከዚያ ጢማቸው ሥር ፈገግ አሉ። «እኔማ መሬት ለመሆን ምን ቀረኝ» አሉና በዘንጋቸው ተደግፈው ተነሡ።

«እኔ ጨረቃ ነኝ» አለችና ዙሪያቸውን መሄድ ጀመረች። ከፊታቸው ስትሆን ፀሐዩ ጀርባዋን መታት። ጎናቸው ስትደርስ ፊቷ ተጋመሰ። ከኋላቸው ዞራ ረጅሙ ጥላቸው ውስጥ ስትገባ ቆመች። ያ ጥቁር ካባ ጥላው ራሱ ሰፊ ነው፤ ልጅቷን ከራስ እስከ እግሯ ዋጣት።

«አባባ፣ ዞረው ይዩኝ። ፊቴ ላይ ፀሐይ አለ?»

«የለም።»

«ማን ጋረደኝ?»

«እኔ ነኛ።»

«ተቆጥተውኝ ነው?»

«አይ፣ ልጄ… እኔማ ቆሜ ነው።»

«መሬትም እንደዚያው ናት። መንገዷን ስትሄድ ጋረደቻት እንጂ ተቆጥታ አይደለም። ጨረቃም ምንም አልሆነች።» አንድ ሁለት እርምጃ ተራመደችና ከጥላው ወጣች፤ ፀሐዩ ፊቷ ላይ ሲያርፍ ዓይኗን ጨፈነች። «ይኸው፣ ወጣሁ። ጠዋት ከተራራው ወዲያ ሆና ነው የወጣችው። እኛ ስላላየናት ነው።»

ሳህኑን እንደያዝኩ ቆሜያለሁ። ግራዝማች ዘንጋቸው ላይ ጎንበስ አሉ። ከዚያ የጠየቁት ጥያቄ እኔ በሕይወቴ ልጠይቀው ያልደፈርኩት ነበር።

«የሰባ ሰባቷስ?»

«እሷም ጥላ ውስጥ ገብታ ነው።»

«ማንም ሳይጠራት? በማንም ሳትቆጣ?»

«ማንም አልጠራትም። መምህር ነግሮናል፤ ያን ሌሊት እህል ሞልቶ በተረፈበት አገርም እንዲሁ ቀልታ ታይታለች።»

ግራዝማች ወደ መምህሩ ዞሩ። «አንተ! እውነት ነው?»

አዳም ከድንጋዩ ተነሣ። ቀኑን ሙሉ እህል ውኃ አልቀመሰም፤ ከንፈሩ ደርቋል። «እውነት ነው ግራዝማች። ለኛ ብቻ አልነበረም የወጣችው። ጠግበው የሚጨፍሩም አይተዋታል።»

«ጠግበው የሚጨፍሩም…» አሉ ግራዝማች። ተቀመጡ። ሽሮውን አቀረብኩላቸው፤ አልነኩትም።

ሲመሽ ሰው መጣ። በሽተኛ እንደሚጠይቅ ሰው ዝም ብሎ፣ ነጠላውን አጣፍቶ መጣ። ፀሐይ ጠለቀች። ሁሉም ፊቱን ወደ ምሥራቅ፣ ወደዚያኛው ተራራ መለሰ።

ጠዋት የለመንኩት ደመና ደግሞ አሁን መጣላችሁ! ጥቁር፣ ወፍራም፣ ከተራራው አናት ላይ እንደ ድርብ ጋቢ ተዘርግቶ። ወይ አምላኬ፣ ጸሎቴን ሰምተህ ልትዘገይ ኖሯል! በልቤ የቀረኝን ሁሉ ተሳልኩ፤ ለአሸተን ማርያም ጃንጥላ፣ ለገነተ ማርያም ሻማ፣ «ብቻ አንሺልኝ፣ ብቻ ይሄን ደመና አንሺልኝ» እያልኩ።

ጨለመ። ሕፃናት ማልቀስ ጀመሩ። ከዋክብት በኛ ላይ ወጡ፤ በምሥራቅ ግን ጥቁር ብቻ ነው።

«እንግዲህ መሸ» አለች አዛለች። «ምን እስኪሆን ነው የምንጠብቀው? ብርድ ሊገድለን ነው?»

«ታገሺ» አሉ ቄሰ ገበዙ።

«ጠዋትም ታገሡ ተብለን ነበር!»

ሰው አጉረመረመ። አንድ ሰውዬ ወደ መምህሩ ጠጋ አለ፤ ዱላ ይዟል። ንጋት በሁለት እጇ ቀሚሴን ጨምድዳ ይዛለች። ግራዝማች ብቻ አይንቀሳቀሱም። ሰውዬው ሌላ እርምጃ ሲጨምር ግራዝማች ፊታቸውን ከምሥራቅ ሳያነሡ «ቁም!» አሉት። ቆመ።

የደመናው ጠርዝ ነጣ።

መጀመሪያ ዓይኔ የዋሸኝ መሰለኝ። ከዚያ ጠርዙ የሚነድ መሰለ፣ ከዚያም ከደመናውና ከተራራው መካከል በቀረችው ቀዳዳ ጨረቃ ብቅ አለች። ሙሉ ናት። ጭረት የላትም። እሰይ! ያን እልልታ ገነተ ማርያም ድረስ ሰምተውታል ይባላል። ከሁሉ በላይ የጮኸችው ደግሞ ማን ብትሆን ጥሩ ነው? አዛለች! «እኔስ ብያለሁ፣ ይቺ ልጅ የተባረከች ናት!» እያለች ንጋትን አገላብጣ ሳመቻት። ይህችን ሴት እንኳን ጨረቃ ፀሐይም አያቆማት።

ቄሰ ገበዙ ባረኩ። ግራዝማች ችቦ ጠየቁ፣ ለኮሱ። ደመራው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው ስለዋለ ቦግ ብሎ ተያያዘ። መምህሩን ትከሻውን ይዘው ወደ ዙሩ አስገቡት፤ «ሰኞ ልጆቹን አስተምራቸው፤ ተራራውንም አትርሳ» ሲሉት ሰማሁ። ልጆች ችቧቸውን እያወዛወዙ እሳቱን መዞር ጀመሩ፤ ንጋት ከፊት ናት።

እኔ ግን ዞር ብዬ ቀረሁ። ከዚያ ከቆቦ ሌሊት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብዬ አየኋት። ደጄን ዘግቼ የሸሸኋትን፣ ምን በደልኩሽ ብዬ የጠየቅኋትን። ምንም አታውቅም። ምሥጋናውን አታውቀውም። አልተቆጣችብኝም፣ አልፈረደችብኝም፣ ልጄንም አልወሰደችውም፤ መንገዷን እየሄደች ነበር። እንግዲያ ያ ሁሉ ዓመት ያለቀስኩት ለማን ነው? እንባዬ ገነፈለ።

ንጋት እየሮጠች መጣች፣ ችቦዋ ልታልቅ ነው። «እማዬ፣ ወጣች እኮ! አሁን ምን ያስለቅስሻል?»

«ወንድምሽ» አልኳት።

«ምሥጋናው?»

ስሙን ከአፏ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። በኛ ቤት ስለ እሱ የሚባለው «ያን ሌሊት ያለፈው» ብቻ ነበር፤ እንዴት እንዳለፈ ተናግሬ አላውቅም።

«አዎ፣ ምሥጋናው። ርቦት ነው የሞተው፣ ንጋቴ። ርቦት ነው።»

ልጄ ምንም አላለችም። የቀረችውን ችቦ በእጄ አስያዘችኝና ወደ እሳቱ ወሰደችኝ፤ ከሰው ጋር ዞርኩ።